ሰክሮ የገጨኝ የአገሬ ልጅ ነው፣ ልክሰሰው ወይስ ልተወው?

ደብዳቤው፦

«ሰላም ለእናንተ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፣ ኡበር እሠራለሁ። ከሁለት ወር በፊት ማታ አፑን አጥፍቼ ወደ ቤቴ ስገባ ዱክ ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ እንደቆምኩ አንድ መኪና ከኋላ መጥቶ ገጨኝ። ሹፌሩ ሰክሯል፣ ፖሊሶቹ ሲያስነፉት 0.18 እንደወጣበት ሰምቻለሁ። የግራ እጄ አንጓ ተሰብሯል፣ አንገቴ ላይ ዲስክ ተንሸራቷል ተባልኩ፣ እስካሁን ሥራ አልገባሁም። ችግሩ ሰውየው ሀበሻ ነው፣ ሦስት ልጆች አሉት። ሽማግሌ ልኮ 5 ሺህ ዶላር በእጅህ ይስጥህና ፍርድ ቤት አትቅረብበት እያሉ ይለምኑኛል። ከኢንሹራንሱ ደግሞ አንዲት ሴትዮ እየደወለች 9 ሺህ ዶላር አዘጋጅተናል ፈርመህ ውሰድ ትለኛለች። ባለቤቴ ውሰድና እንገላገል ትላለች። እኔ ሰው መጉዳት አልፈልግም፣ የጥገኝነት ጉዳዬም ገና አልተወሰነም፣ ክስ ውስጥ ከገባሁ ይበላሽብኛል ብዬ እፈራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ? ግራ የገባኝ።»

መልስ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ነፍስህ ተረፈች። አሁን ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልለምንህ፣ ይቺን መልስ አንብበህ እስክትጨርስ ምንም ወረቀት አትፈርም፣ የሴትዮዋንም የሽማግሌዎቹንም። ቀሪውን ቀስ ብለን እናየዋለን። እኔ ጠበቃህ አይደለሁም፣ የምነግርህ የቨርጂኒያን አጠቃላይ ሕግ ነው፣ ያንተን ኬዝ በዝርዝር የሚያይ ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ ያለው ሎየር ያስፈልግሃል፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ደብዳቤህን ሳነበው ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ተደባልቀውብህ ነው ያየሁት። አንዱ የወንጀል ኬዙ ነው። እሱ ያንተ አይደለም፣ የመንግሥት ነው፣ ከሳሹ አቃቤ ሕግ ነው። አንተ ይቅር ብትልም ባትልም ሰውየው ሰክሮ በመንዳት ይጠየቃል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በደም ውስጥ የሚገኘው የአልኮል መጠን ወሰኑ 0.08 ነው፣ 0.15 ካለፈ ደግሞ ጥፋተኛ ከተባለ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሆንም ዳኛው ሊተወው የማይችለው ቢያንስ የ5 ቀን እስር አለበት፣ መንጃ ፈቃዱም ለአንድ ዓመት ይወሰድበታል። ይሄን ያመጣበት ራሱ ነው፣ አንተ አይደለህም። የሚከፍለው መቀጮም ወደ መንግሥት እንጂ ወደ አንተ ኪስ አይገባም። ሰዎቻችን ብዙ ጊዜ «ፍርድ ቤት ፈርዶበታል እኮ፣ ከዛ በላይ ምን ትፈልጋለህ» ይላሉ፣ ግን ፍርድ ቤቱ የፈረደበት ለመንግሥት ነው፣ ያንተ የሆስፒታል ቢልና የቆመው ገቢህ እዛ ፍርድ ውስጥ የሉም። ዳኛው በወንጀሉ ፍርድ ላይ ከኪስህ ያወጣኸውን እንዲተካልህ ሊያዝ ይችላል፣ እሱንም ለማግኘት በአቃቤ ሕጉ ቢሮ ያለውን የተጎጂዎችና የምስክሮች አገልግሎት ደውለህ ደረሰኞችህን ስጣቸው፣ ግን ብዙውን ጊዜ በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ የሚመጣ ነው፣ በሱ አትተማመን።

ሁለተኛው የካሳው ጉዳይ ነው፣ ያንተ የሚባለው እሱ ነው። ሕክምናህ፣ ወደፊት የሚያስፈልግህ ሕክምና፣ ያጣኸው ገቢ፣ ሕመሙና እንቅልፍ ያጣህባቸው ሌሊቶች፣ ልጅህን ማንሳት ያቃተህ፣ ይሄ ሁሉ ይቆጠራል። ቨርጂኒያ ውስጥ በመኪና አደጋ ለሕመምና ለስቃይ የሚከፈለው ላይ ጣሪያ የለም። እና የሚከፍለው በአብዛኛው ኢንሹራንስ ነው።

አሁን ሽማግሌዎቹን እንያቸው፣ ምክንያቱም የጨነቀህ እሱ እንደሆነ ይሰማኛል። ሽምግልና ትልቅ ነገር ነው፣ አገራችን ላይ ስንት ደም ያደረቀ ነው፣ የመጡትም ሰዎች ክፋት አስበው እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ግን የያዙት ሐሳብ ሁለታችሁንም የሚጎዳ ነው። «ብር ተቀበልና ፍርድ ቤት አትቅረብ» ማለት እዚህ አገር ሕግ ላይ እርቅ አይባልም። ብር ተቀብሎ ወንጀልን ላለመመስከር ወይም ለመደበቅ መስማማት በራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል፣ ለተቀበለውም ለከፈለውም ለመሃል ሰዎቹም። አንተ የጥገኝነት ጉዳይ እያለህ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ መግባት የለብህም። ፍርድ ቤት በመጥሪያ ከተጠራህ መቅረብ አለብህ፣ ይሄንን በትህትና ንገራቸው፣ «አባቶቼ፣ ይቅርታዬን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ፣ ብር ግን በእጅ አልቀበልም፣ መጥሪያ ከመጣም እቀርባለሁ» በላቸው፣ ከዛ በላይ ማብራሪያ የለብህም።

5 ሺውን ስትቀበል ሌላ የማይታይህ ጉዳትም አለ። ሽማግሌዎች አንዳንዴ «ተስማምተናል፣ ከእንግዲህ አልጠይቅም» የምትል ወረቀት ጽፈው ያስፈርማሉ። በአማርኛ ብትጻፍም፣ በቤተክርስቲያን አዳራሽ ብትፈረምም ውል ናት፣ የሱ ኢንሹራንስም ያንተም ኢንሹራንስ ያቺን ወረቀት ይዘው «ይሄ ሰው መብቱን ለቋል» ሊሉ ይችላሉ። 5 ሺህ ዶላር ብለህ 150 ሺህ ልታጣ ትችላለህ ማለት ነው። ለምን 150 እንዳልኩ አሁን ላስረዳህ፣ ይሄ የደብዳቤህ ዋና መልስ ነውና ረጋ ብለህ አንብበው።

በአውሮፓ አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ቨርጂኒያ ውስጥ የሚወጣ ወይም የሚታደስ የመኪና ኢንሹራንስ ትንሹ ሽፋን ለአንድ ሰው ጉዳት 50 ሺህ ዶላር ነው፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሰዎች በጠቅላላ 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ። ሰውየው ትንሹን ገዝቶ ከሆነ ላንተ ያለው ጣሪያ 50 ሺህ ነው። ሴትዮዋ 9 ሺህ የምትልህ የዛ 50 ሺህ ጫፍ ነው። ግን 50ውም ላይበቃህ ይችላል፣ የተሰበረ አንጓና የአንገት ዲስክ፣ ኤምአርአይ፣ ፊዚካል ቴራፒ፣ ምናልባት የአንገት መርፌ፣ ደግሞ የሁለት ወር ገቢ፣ ቶሎ ነው የሚያልቀው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሀበሻ የማያውቀው ነገር የሚመጣው፣ የራስህ ኢንሹራንስ ውስጥ ለዚህ ቀን ብለህ ስትከፍልበት የኖርከው ሽፋን አለ። አንደርኢንሹርድ ሞተሪስት ይባላል፣ የገጨህ ሰው ኢንሹራንስ ሳይበቃ ሲቀር የራስህ ኩባንያ የሚሞላልህ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ይሄ ሽፋን፣ አንተ ፈርመህ ካላስቀነስከው በቀር፣ ሌላ ሰው ብጎዳ ብለህ ከምትገዛው ሽፋን ጋር እኩል ሆኖ ነው ፖሊሲህ ውስጥ የሚገባው። ድሮ የሱ ኩባንያ የከፈለው ካንተ ሽፋን ላይ ይቀነስ ነበር፣ ከጁላይ 1 ቀን 2023 በኋላ በወጡና በታደሱ ፖሊሲዎች ግን፣ አንተ ራስህ አልፈልግም ብለህ በጽሑፍ ካልመረጥክ በቀር፣ ይደመራል። ለምሳሌ የሱ 50 ሺህ ቢሆንና ያንተ 100 ሺህ ቢሆን በጠቅላላ እስከ 150 ሺህ ድረስ መጠየቅ ትችላለህ ማለት ነው። ጉዳትህ ያን ያህል ይሁን አይሁን በማስረጃ የሚታይ ነው፣ ግን በሩ እዛ ድረስ ክፍት ነው።

እና ደግሞ ስማኝ፣ ከወንድምህ ወይም ከእህትህ ጋር አንድ ቤት ነው የምትኖሩት? ባለቤትህ በራሷ ስም ሌላ ኢንሹራንስ አላት? አብረውህ የሚኖሩ የሥጋ ዘመዶች ፖሊሲ አንተንም ሊሸፍንህ ይችላል፣ መኪናቸው ውስጥ ባትሆንም። እኛ ቤት ውስጥ ሦስት አራት ሆነን የምንኖር ሰዎች ነን፣ ስለዚህ የሁላችሁንም የኢንሹራንስ የመጀመሪያ ገጽ፣ ዲክላሬሽን ፔጅ የሚሉትን፣ ሰብስበህ ለሎየሩ አምጣለት። ሎየሮች ራሳቸው አንዳንዴ አይጠይቁም፣ አንተ አስታውሳቸው።

«የራሴን ኢንሹራንስ ብነካ ዋጋ ይጨምሩብኛል» ብለህ እንደምትፈራ አውቃለሁ፣ ይሄን ሁሉም ሰው ነው የሚለው። ቨርጂኒያ ውስጥ ያላጠፋኸው አደጋ ምክንያት ሆኖ ዋጋ እንዲጨምሩብህ ሕጉ አይፈቅድም። ስለዚህ ለራስህ ኩባንያ አደጋውን ዛሬውኑ አሳውቅ፣ እስካሁን ካላሳወቅክ ቶሎ አድርገው፣ ፖሊሲው ማሳወቅን ይጠይቃልና። ሜዲካል ፔይመንት የሚባል ሽፋን እንዳለህም ጠይቅ፣ ማን አጠፋ ሳይባል የሕክምና ቢል የሚከፍል ነው።

ግን አንድ አደገኛ ነገር አለ። ከገጨህ ሰው ኢንሹራንስ ብር ስትቀበል የምትፈርመው ወረቀት ካልተጠነቀቅክ የራስህን ኩባንያ ክፍያ ሊያሳጣህ ይችላል። የቨርጂኒያ ሕግ ይሄን እንዴት በሥርዓት እንደሚያልፉት የራሱ መንገድ አስቀምጧል፣ የሱ ኩባንያ ሙሉውን ሊሚት፣ የሽፋኑን ጣሪያ ማለት ነው፣ ከከፈለና ወረቀቱ በትክክለኛው አሠራር ከተጻፈ አንተ ከራስህ ኩባንያ ቀሪውን መጠየቅ ትችላለህ፣ እሱ ደግሞ በኬዙ ከተባበረ ያንተ ኩባንያ ዞሮ እሱን «የከፈልነውን መልስ» ብሎ አይከሰውም። ይሄንን ለሽማግሌዎቹ ብትነግራቸው ደስ ይላቸዋል፣ ምክንያቱም ለልጃቸው የሚጠቅመው መንገድ ይሄ ነው፣ ፖሊሲው ሙሉ ሊሚቱን ይክፈል፣ እሱ ይተባበር፣ ቤቱን ማንም አይነካበትም። ይሄንን መንገድ ሎየር ብቻ ነው በትክክል የሚሄድበት፣ ራስህ አትሞክረው።

አንድ ነገር ግን ደብቄ ልነግርህ አልፈልግም፣ ኬዙ ሳይታረቅ ቀርቶ ፍርድ ቤት ከሄደ ክሱ ላይ የሚጻፈው ስም የኢንሹራንሱ ሳይሆን የሰውየው ነው። ወረቀቱ ቤቱ ድረስ ይሄዳል፣ ሚስቱ ታየዋለች፣ ያኔ «ከሰሰኝ» ብሎ ከተማውን ይሞላዋል። ግን ጠበቃ የሚቀጥርለት ኢንሹራንሱ ነው፣ እስከ ሊሚቱ የሚከፍለውም ኢንሹራንሱ ነው። ብዙዎቹ ኬዞች ደግሞ ክስ ሳይከፈት በፊት ያልቃሉ።

አሁን ስለ 0.18ቷ። ይቺ ቁጥር ትልቅ ነገር ናት። ቨርጂኒያ ውስጥ ሰክሮ የገጨ ሰው 0.15 እና ከዛ በላይ ከሆነ፣ መንዳት እንደማይችል እያወቀ ወይም ማወቅ እየተገባው ከነዳ፣ አደጋውም በስካሩ ከመጣ፣ ከተራው ካሳ በላይ የቅጣት ካሳ መጠየቅ ይቻላል፣ እስከ 350 ሺህ ዶላር ድረስ። ሴትዮዋ 9 ሺህ እያለች በየሁለት ቀኑ የምትደውልልህ ለዚህም ሊሆን ይችላል፣ አንተ ሎየር ጋ ከሄድክ ይቺን ቁጥር እንደምታመጣባት ታውቃለች። የቅጣቱ ካሳ ከሊሚቱ በላይ ከሄደ ግን ከሰውየው ኪስ የሚመጣው እሱ ነው፣ ኪሳራ ቢያውጅም ሰክሮ ሰው ከመጉዳት የመጣ ዕዳ በፌዴራል ሕግ አይሰረዝለትም። ስለዚህ ምሕረት ማድረግ ከፈለግክ፣ ቦታው እዚህ ጋ ነው። ሊሚቱን እና የራስህን ሽፋን ወስደህ የሰውየውን ቤትና ደሞዝ ላለመከተል መወሰን ያንተ መብት ነው፣ ለሎየርህ ገና ስትቀጥረው ንገረው፣ «ኢንሹራንሱ እስኪበቃ እንጂ ሰውየው ጋ አልሄድም» በለው። ለሦስቱ ልጆች ያሰብክላቸው ነገር እውነተኛ መልክ የሚይዘው በዚህ ነው። ለኢንሹራንስ ኩባንያ 40 ሺህ ዶላር ትተህ ብትሄድ ግን ለነዛ ልጆች አንድም ሳንቲም አልደረሳቸውም።

ይሄ ቁጥር ሌላም ጥቅም አለው። ቨርጂኒያ ይሄ ጠንካራ ሕግ ካላቸው ጥቂት ግዛቶች አንዷ ናት፣ ተጎጂው ለአደጋው ትንሽ እንኳን አስተዋጽኦ ካደረገ፣ አንድ ፐርሰንትም ብትሆን፣ ካሳው ሙሉ በሙሉ ሊቀር ይችላል። ለዛ ነው ሴትዮዋ «ለሪከርድ ያህል ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅህ» ብላ ስልክ ይዘህ ነበር ወይ፣ መብራቱ ተቀይሮ ነበር ወይ፣ ፍሬን በድንገት ይዘህ ነበር ወይ የምትለው። ለሱ ኩባንያ የተቀዳ ቃል የመስጠት ምንም ግዴታ የለብህም። «ሎየር እይዛለሁ፣ ከሱ ጋር ተነጋገሩ» ብለህ ስልኩን ዝጋ፣ ነውር አይደለም። ሰውየው አውቆና በድፍረት ነው የነዳው ተብሎ ከተረጋገጠ ደግሞ ይቺ የአንድ ፐርሰንት መከላከያ አትሠራለትም፣ 0.18ቷ እዛም ትረዳሃለች።

ስለዚህ ማስረጃው እንዳይጠፋ ተጠንቀቅ። የወንጀሉ ኬዝ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ እወቅ፣ ሎየርህም እዛ እንዲገኝ አድርግ፣ ምክንያቱም ሰውየው ቆሞ ጥፋተኛ ነኝ ካለ በካሳው ኬዝ ላይ ይጠቅምሃል፣ ይሄ ዓይነት ኬዝ የሚጀመርበት ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ደግሞ የተባለውን የሚጽፍ ሰው የለውም፣ ሎየሩ ራሱ ጸሐፊ ቀጥሮ ካላመጣ ቃሉ ተነግሮ ይጠፋል። አካባቢው ላይ ነዳጅ ማደያ ወይም ሱቅ ካለ ካሜራው በራሱ ላይ እየቀዳ ያጠፋል፣ ሁለት ወር አልፏል፣ አሁኑኑ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ያንተ ዳሽ ካም ካለ ካርዱን አውጥተህ አስቀምጠው። የኡበር አፑ ጠፍቶ እንደነበረም እውነቱን ተናገር፣ ሰዓቱ ሁሉ ተመዝግቦ ይገኛል፣ አፑ በርቶ ቢሆን ኖሮ ሽፋኑ በሌላ መንገድ ነበር የሚታየው፣ ስለዚህ ማንም «ተሳፋሪ ይዤ ነበር በል» ቢልህ እንዳትሰማው።

ስለ ሕክምናህ ደግሞ እንደ እህትህ ልቆጣህ። እኛ ሰዎች ዶክተር ጋ ገብተን «እንዴት ነህ» ሲሉን «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን፣ ዶክተሩ ደግሞ በሽተኛው ደህና ነኝ ብሏል ብሎ ይጽፋል፣ ከስድስት ወር በኋላ ያቺ መስመር በኢንሹራንሱ ሎየር እጅ ላይ ትገኛለች። እግዚአብሔርን አመስግን፣ ከዛ ደግሞ የሚያምህን በሙሉ ንገረው፣ አንገቴ ወደ ቀኝ አይዞርም፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ እነቃለሁ፣ መሪ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል በለው። እንግሊዝኛህ ለዛ ካልበቃ አስተርጓሚ ጠይቅ፣ ሜዲኬርና ሜዲኬድ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነጻ ማቅረብ አለባቸው፣ ልጅህን አስተርጓሚ አታድርግ። ቀጠሮ አትዝለል፣ ሳምንታት ከዘለልክ «ድኖ ነበር» ይሉሃል። ማታ ማታ የሚሰማህንና ያልቻልከውን ነገር ማስታወሻ ላይ ጻፍ። ሰርግ ሄደህ ስትጨፍር ቲክቶክ ላይ ከወጣህ ደግሞ፣ አሞህም ጨፍረህ ይሆናል፣ ቪዲዮው ግን ሕመምህን አያሳይም፣ ስለዚህ ለጊዜው ከሶሻል ሚዲያ ራቅ፣ ጓደኞችህም ታግ እንዳያደርጉህ ንገር።

ሕክምናው ሳያልቅ ወይም ዶክተሩ «ከዚህ በኋላ የሚቀረው ይሄ ነው» ሳይልህ ሴትልመንት፣ የካሳውን ስምምነት ማለት ነው፣ አትጨርስ። የፈረምክ ዕለት ኬዙ አብቅቷል፣ ዲስኩ ከዓመት በኋላ ኦፕሬሽን ቢፈልግ ከኪስህ ነው። ግን ዘላለም አትጠብቅ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ለአካል ጉዳት ክስ የሚከፈተው በ2 ዓመት ውስጥ ነው፣ ከኢንሹራንሱ ጋር እየተነጋገርክ መሆንህ ሰዓቱን አያቆመውም።

መኪናህ ግን መጠበቅ የለባትም፣ እንጀራህ ናት። የመኪናውን ካሳ ከአካል ጉዳቱ ለይተህ መጨረስ ትችላለህ፣ የምትፈርመው ወረቀት «የንብረት ብቻ» የሚል መሆኑን ግን አንብብ ወይም አስነብብ። አንዲት አረፍተ ነገር «ሁሉንም ጥያቄ» ካለች አትፈርም።

ስለ ገቢህ ደግሞ እቅጩን ልንገርህ። ያጣኸው ገቢ የሚቆጠረው ታክስ ላይ ባሳየኸው ነው። ኡበር የሚልክልህ ወረቀት፣ የባንክ ስቴትመንትህ፣ የሁለት ሦስት ዓመት ታክስህ አንድ ላይ ይታያሉ። ወጪ አብዝተህ ገቢህን በጣም አሳንሰህ ካሳወቅክ በዛው መጠን ነው የምትጠይቀው፣ ከዛ በላይ ለማለት መሞከር የለብህም። ምን እንዳለህ ለሎየሩ ሳትደብቅ አሳየው፣ እሱ ይወቀው።

የጥገኝነት ኬዝህን በተመለከተ አትፍራ። በሌላ ሰው ጥፋት ተጎድቶ ካሳ መጠየቅ የኢሚግሬሽን ጥፋት አይደለም፣ የመንግሥት እርዳታም አይደለም፣ ካሳ ለመጠየቅ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው መሆን አያስፈልግም። ማንም «ከከሰስክ እናስይዝሃለን» ካለህ ያንን መልዕክት ስክሪንሾት አድርገህ ለሎየሩ ስጥ። ለኢሚግሬሽን ሎየርህም እንዲሁ እንዲያውቀው ንገረው። ሊጎዳህ የሚችለው ውሸት ነው፣ የተጋነነ ጉዳት፣ ያልሄድክበት ቴራፒ፣ ያልነበረ ተሳፋሪ፣ እነዚህን ሽሽ።

ሎየር ስትመርጥ፣ አደጋው በደረሰ ማግስት ደውሎልህ «እኔ ጥሩ ሎየርና ካይሮፕራክተር አገናኝሃለሁ» ያለህ ሰው ካለ ተወው። ሰው እየፈለጉ ለጠበቃ ማቅረብ ቨርጂኒያ ውስጥ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ኮሚሽኑ ደግሞ የሚወጣው ካንተ ነው። የቨርጂኒያ ስቴት ባር የጠበቃ ማገናኛ አገልግሎት አለው፣ ወይም ተመሳሳይ ኬዝ የጨረሰ የምታምነውን ሰው ጠይቅ። ሰክሮ የመንዳት ካሳ ሠርተህ ታውቃለህ ወይ፣ የራሴን ኢንሹራንስ ሽፋን እንዴት ታየዋለህ ወይ ብለህ ጠይቀው፣ ሁለተኛውን ጥያቄ በደንብ መመለስ ካልቻለ ወደ ሌላው ሂድ። ብዙዎቹ ከፊት ብር አይጠይቁም፣ ከሚገኘው ሲሶውን ይወስዳሉ፣ ክስ ከተከፈተ ወይም ችሎት ከደረሰ 40 ፐርሰንት የሚሉ አሉ። ወጪው ማን ላይ እንደሚሆን፣ ሲሶው የሚታሰበው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ነው ወይስ በፊት፣ ይሄን በጽሑፍ ያሳይህ። ከመጨረሻው ብር ላይ ሜዲኬድ ወይም የሥራ ቦታው ራሱ የሚከፍለው የጤና ፕላን የከፈለውን መልሶ ሊጠይቅ ይችላል፣ ተራ የጤና ኢንሹራንስ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ አይችልም፣ ስለዚህ የደረሰህን ደብዳቤ ሁሉ ሳትጥል አስቀምጥ። ለአካል ጉዳት የምታገኘው ካሳ ላይ የፌዴራል ታክስ የለም፣ የቅጣት ካሳ ካገኘህ ግን ታክስ አለበት።

ኬዙ እስኪያልቅ ቢል ከከበደህ ለወንጀል ተጎጂዎች የሚከፍል የግዛቱ ፈንድ አለ፣ ሰክሮ የነዳ የጎዳቸውንም ይጨምራል። ሌላው ሁሉ ሳይከፍል ሲቀር ነው የሚከፍለው፣ ግን ማመልከቻውን አሁን አስገባ፣ የጊዜ ገደብ አለውና። ማድ የሚባለው፣ በ1980 በአውሮፓ አቆጣጠር ልጇን በሰካራም ሹፌር ያጣች እናት ያቋቋመችው ድርጅት፣ ለተጎጂዎች በነጻ የሚረዳ ሰው ይመድባል፣ ፍርድ ቤትም አብሮህ ይሄዳል፣ ብቻዬን ነኝ ብለህ አትቀመጥ። ባለቤትህንም ሎየሩ ጋ አብራህ ትሂድ፣ «እንገላገል» የምትለው ስለደከማት ነው፣ ቁጥሩን በጆሮዋ ስትሰማ ሸክሙ ይቀላታል።

የት ጠጥቶ እንደመጣ ከታወቀ ያጠጣውን ቤት መክሰስ ይቻላል ወይ ብለህ ታስብ ይሆናል። ቨርጂኒያ ውስጥ አይቻልም፣ የሻጩን ቤት ተጠያቂ የሚያደርግ ሕግ የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ላላችሁ አንባቢዎችም እዚህ ላይ ልጨምር፣ ሜሪላንድም ፍርድ ቤቱ በ2013 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ይሄንኑ ጥያቄ አልቀበልም ብሏል፣ ዲሲ ግን የሰከረን ሰው እያየ የቀዳ ቤት ሊጠየቅ ይችላል። የክስ ጊዜውም ሜሪላንድና ዲሲ 3 ዓመት ነው። በትንሽ ጥፋት ካሳ የሚያስቀረው ሕግ ሦስቱም ጋ አለ፣ ዲሲ ግን ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ከ2016 በኋላ ቀለል አድርጎታል። የምትቆጥሩት በአብዛኛው የምትኖሩበትን ቦታ ሕግ ሳይሆን አደጋው የደረሰበትን ቦታ ሕግ ነው፣ ዲሲ ውስጥ የተገጨ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ለዲሲ ሎየር ነው መደወል ያለበት።